የተሰደበ ቅቤ

ፈገግታ የተማርኩት በሥልጠና ነው። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ፣ እዚሁ ቆቦ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ በሚንቃቃ አዳራሽ ውስጥ። ጫማው ሹል የሆነ ወጣት አሠልጣኝ በእኛ በነጋዴዎቹ ፊት ቆሞ «ጥርሳችሁን አሳዩኝ» አለን፤ እኛም ለሽያጭ እንደቀረበ አህያ አሳየነው። አጠገቤ የተቀመጠው ጫማ ሻጭ የፊት ጥርስ ስለሌለው ድዱን አሳየ። ያኔ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ ምሳ አለ ተብሎ ነበር።

ቅቤ ሻጭ ነኝ። ሱቄ አውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ ወደ አላማጣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን እኔ ላይ አራግፎ ነው የሚሄደው። የከፈተችው እናቴ ናት፤ ከወዲያ ከትግራይ በኩል መጥታ። ከእሷ የወረስኩት ሚዛኑን፣ ደንበኞቿንና አፏን ነው። እናቴ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም ነበርና ትግርኛ ትጨምርበታለች፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ሳይቀሩ ይፈሯት ነበር። ቤቱ ግን የኛ ሆኖ አያውቅም፤ የኪራይ ነው። አከራዩ ውሉን የሚያድሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ለፋሲካ ያልሸጠ ቅቤ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ እንደማይቆም ያውቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በዓሉ እንዴት እንዳለፈልኝ አይቶ ነው የሚያናግረኝ።

ቅቤው የሚመጣው ከቆላ ነው። በገበያ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ቅላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚመጡ ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኛ ሁዳዴን ስንጾም እነሱ ይንጣሉ፣ ስለዚህ የፋሲካ ቅቤ የሚገኘው ከእነሱ እጅ ነው። አንዷ ትመጣና ደጄ ላይ ትቀመጣለች። ቅሉን ትከፍታለች። እኔ በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አሻሽና አሸታለሁ። ፍስክ ከሆነ እቀምሳለሁ፤ ጾም ከሆነ አፍንጫዬ ይበቃኛል። ከዚያ እሳደባለሁ።

አሬራው በደንብ ያልወጣለት ከሆነ «ከጉድጓድ ውኃ ቀድተሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» እላለሁ። ጭስ ጭስ ካለኝ «ጎጆሽ ሲቃጠል ነው የናጥሽው?» እላለሁ። ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች የገባበት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ይሰማዋል፤ ባጃጅ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው ያዳምጡኛል። ጥሩ ከሆነም ዝም አልልም። «ይኼን የመሰለ ቅቤ እያለሽ ያን ዝቃጭ ስታሸክሚኝ የከረምሽው ምን ብበድልሽ ነው?» እላታለሁ። እነሱም አይተኙልኝም። አፍንጫዬን፣ ሚዛኔን፣ የሞተችውን እናቴን ሳይቀር ያነሳሉ። ተሰዳድበን፣ ተመራርቀን፣ እንለያያለን። እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ሌላ ቅቤ ነጋዴ አለ። ቅቤ አንጓች የሚለው ስም ለእሱ የወጣ ይመስለኛል። ለሻጯ «እናቴ»፣ ለገዢዋ «ዓይኔ»፣ ለሕፃኑ «ጌታዬ» ነው። ከሱቁ ጀርባ ባዶ የአትክልት ቅቤ ካርቶን ተቆልሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን አቅልጦ ከላሙ ቅቤ ጋር እንደሚያዋሕደው አፍንጫዬ ከመንገድ ወዲህ ሆኖ ይነግረኛል። እጠላዋለሁ።

ታዲያ ሥልጠናው ላይ ከፊት የተቀመጠው እሱ ነበር። አሠልጣኙ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ሲል ራሱን እየነቀነቀ «ትክክል! ትክክል!» ይላል። አሠልጣኙም ወደደው። ለልምምድ ተብሎ ደንበኛ አቀባበል እንድናሳይ ስንታዘዝ፣ ያ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወገቡን ሰበረና አዳራሹ አጨበጨበለት። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አሠልጣኙ ራሱ ገዢ ሆኖ መጣ። «እማማ፣ ቅቤ ነበር የምፈልገው» አለኝ። እማማ ያለኝ ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «ቅቤ ሱቅ መጥተህ ሌላ ምን ልትፈልግ ኖሯል? ቁርጡን ተናገር፣ በር ላይ አትቁምብኝ!» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ለአዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ በማዘን ዓይነት፣ «እማማ፣ በዚህ አንደበትዎ ሱቅዎን ይዘጋሉ» አለኝ።

ስድብ የለመደ ሰው ስድብ ልቡ አይገባም፤ ኀዘኔታ ግን ይገባል። ያ ቃል ልቤ ገባ። ቤት ሄጄ ተኝቼም አልወጣልኝም። እውነት ለመናገር ፈራሁ። በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ ሱቄ ተዘርፎ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ሄዶ፣ ከባዶ ግድግዳ ነበር የተነሳሁት። ያን ሁሉ አልፌ በገዛ አፌ ልዝጋው? በበነጋው ምሳውን ትቼ የሚለውን ማዳመጥ ጀመርኩ።

ምክሩ ብዙ ነው። ሎጎ የሌለው ንግድ ስም ያልወጣለት ልጅ ነው አለ። ታፔላችሁ ከሚያልፍ መኪና ውስጥ ይነበብ አለ። ዕቃችሁን በቅጠል ሳይሆን በታሸገ ዕቃ ሽጡ፣ ስቲከር ለጥፉበት፣ ስልክ ላይ ፎቶውን ልቀቁ፣ ቀለማችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ፈገግ በሉ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የቤት ሥራ ሰጠን። «ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ደንበኞቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ እኔን በምን ታውቁኛላችሁ በሏቸው» አለ። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። በምን ያውቁኛል? በመልኬ ነዋ! ሌላውን ሁሉ ልሠራ ወስኜ ይህን አንዱን የሞኝ ነገር ብዬ ጣልኩት።

ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ማስታወቂያ ሠሪው ጋ ነው። የሠርግ ካርድም፣ የሐዘን ባነርም፣ የምርጫ ፖስተርም እሱ ነው የሚያትመው፤ ሙሽራና ሟች በአንድ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይሠራል። «ሎጎ ሥራልኝ» አልኩት። አንድ ቀን አስጠብቆ አሳየኝ። ጎኑ ላይ የተኛ ግማሽ ክብ፣ ከሥሩ ሁለት አጭር ሰረዝ። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ክቡ የቅሉ አፍ ነው። ሁለቱ መስመሮች ጥራትና ታማኝነት ናቸው» አለ። ጥራትና ታማኝነት በሰረዝ እንደሚሳሉ አላውቅም ነበር፤ ግን አማረኝ። በቢጫ መደብ ላይ በቀይ አሠራሁት። ታፔላው ከበሩ ይሰፋል። ከወልዲያ የሚመጣ ሾፌር ገና ከሩቅ ያየዋል። ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ ሁሉ ያንኑ ስቲከር ለጠፍኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ታጥቤ፣ ነጭ ሽርጥ አስሬ፣ ጥርሴን አዘጋጅቼ ደጄ ላይ ቆምኩ። ቆለኞቹ መጡ። የመጀመሪያዋ፣ ለዓመታት የማውቃት፣ ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ ቀና ብላ ታፔላውን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። «ግቢ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት፣ ለስለስ አድርጌ። ክው ብላ ቀረች። ቅሉን በሻሿ ሸፈነች፣ «ደህና ዋዪ» አለችኝና መንገዱን ተሻግራ ማዶው ሰውዬ ጋ ገባች። ከኋላዋ ያሉትም ታፔላውን እያዩ፣ እርስ በርስ እያንሾካሾኩ፣ እሷን ተከተሉ። እኔ ፈገግ እንዳልኩ ቀረሁ። ፊቴ አመመኝ።

የሚቀጥለው ገበያ ላይ በደጄ ያለፈች እንኳ አልነበረችም፤ ገና ከሩቅ መንገድ ይቀይራሉ። ባዶ የፕላስቲክ ዕቃዎቼ ስቲከራቸውን ደርድረው ያዩኛል። የከተማ ደንበኞቼ «የፋሲካው ቅቤ መቼ ይመጣል?» እያሉ ይጠይቁኛል። «በቅርቡ ዓለሜ» እላለሁ። ዓለሜ! እኔ በሕይወቴ ሰው ዓለሜ ብዬ አላውቅም። ሴቶቹን ግን በልቤ እረግማቸው ነበር። ያስከፋኋችሁ ነገር ካለ አፍ አላችሁ፣ ለምን አትነግሩኝም? የምጠላው ነገር ቢኖር ተቀይሞ ዝም የሚል ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይነቅዛል።

ማዶው ሰውዬ አንድ ቀን ተሻግሮ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «እህቴ፣ ደክሞሽ ከሆነ ንገሪኝ። አከራዩን አነጋግሬዋለሁ፣ ቤቱን ለመጋዘን እፈልገዋለሁ። አንቺም በሰላም ታርፊያለሽ» አለኝ። ሽታው የአትክልት ቅቤ ነው። ሚዛኑን አንስቼ ራሱ ላይ መጣል ስችል ፈገግ አልኩለት። ሥልጠናው «ተፎካካሪህን በአክብሮት አስተናግድ» ይላላ! ለፋሲካ ቅቤ ካላገኘሁ የእናቴ ደጅ የእሱ ካርቶን ማከማቻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም።

ቆለኞቹ ሁሉ የሚሰሟቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ እሳቸው የዞሩበት ሌላው ይዞራል። ለእናቴ ቅቤ ያመጡ ነበር፤ ለእኔም ያመጣሉ። ሱቄ በተዘረፈ ጊዜ፣ በር እንኳ ሳይኖረኝ፣ ቅላቸውን ይዘው መጀመሪያ የመጡት እሳቸው ናቸው። ሮቢት ገበያ እንደሚወርዱ አውቅ ስለነበር በሚኒባስ ሄድኩ። ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ካለ ግራር ሥር ቅላቸውን ደርድረው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?» አልኩ ዝቅ ብዬ።

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? አሳዳሪዎችሽ ደህና ናቸው?»

«የምን አሳዳሪ?»

«ሱቁን ሸጠሽ ለእነሱ ተቀጥረሽ የለም እንዴ? ወሏሂ ስሰማ አዘንኩልሽ። ቸግሯት ይሆናል አልኩ።»

«ኧረ እኔ አልሸጥኩም! ማን አላችሁ?»

«ማን ይበለን? ዓይን የለንም? ከበርሽ በላይ የእነሱ ምልክት በቀይ ተተኩሶ እያየን!»

ያኔ ነገሩ ቀስ ብሎ ይገባኝ ጀመር። ቆላ ላይ ግመልም በሬም የባለቤቱ ምልክት በጋለ ብረት ይተኮስበታል፤ ሲሸጥም አዲሱ ባለቤት የራሱን ይተኩስበታል። ፊደል የማይቆጥር ሰው ያን ምልክት ከሩቅ ያነበዋል። ያ ጎኑ ላይ የተኛ ግማሽ ክብና ሁለት ሰረዝ እዚያው ቆላ ከወንዝ ማዶ ያሉ ዘመዳሞች የግመላቸው ምልክት ኖሯል።

«ከእነዚያ ሰዎች ጋር በውኃ ከተጣላን ወዲህ በአንድ ጉድጓድ አንቀዳም» አሉኝ አሮጊቷ። «እና ቅቤያችንን ተሸክመን ሄደን ለእነሱ እናስረክብ?»

«እናቴ፣ እሱ እኮ ሎጎ ነው።»

«ምን?»

«የንግድ ምልክት። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ የሚደረግ ምልክት።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አልኩ፤ አሁንም ለስለስ ብዬ፣ አሁንም እየተለማመጥኩ። አፌን ትክ ብለው አዩት። «የራሱ ያልሆነ ቤት ላይ የቆመ ሰው ምን ይጠየቃል?» አሉ። «ታፔላውን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ» ስላቸው «እንጃልሽ» ብቻ አሉና ቅላቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉ። እንጃልሽ ያሉት ስለ ታፔላው መስሎኝ ነበር።

ከሮቢት እንደተመለስኩ ማስታወቂያ ሠሪው ጋ ገባሁ። «ይኼን ሥዕል ከየት አመጣኸው?» ስለው አላቅማማም፤ ስልኩን አወጣና አሳየኝ። ከብት ተራ ላይ የተነሳ የግመል አንገት ነው፤ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ደስ የሚል ቅርጽ ነው ብዬ ነው» አለ። «ጥራትና ታማኝነት ያልከኝስ?» «እሱን ለሁሉም ሰው ነው የምለው» አለኝ። የዶሮ ሻጩም፣ የጸጉር ቤቱም፣ የጥርስ ሐኪሙም ሎጎ ላይ ያሉት ሰረዞች ሁሉ ጥራትና ታማኝነት ናቸው። ያን ጊዜ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ተመልሶ ተዘጋ። «በዚህ አንደበትዎ ሱቅዎን ይዘጋሉ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል። «እባክህ አውርድልኝ» አልኩት፤ በእባክህ! መሰላል ይዞ መጥቶ አወረደው። ስቲከሮቹን እኔው በቢላ ፋቅሁ። ጥፍሬ ሥር ቀዩ ለቀናት አልወጣ አለ።

ሱቅ የምትከፍት ሰው ሆይ፣ ይህን የምነግርህ ስለምወድህ አይደለም። ሎጎ ከማሠራትህ በፊት ዕቃህን የሚያመጣልህ ሰው ምን ማንበብ እንደሚችል እወቅ። ገዢ ገዢ እያሉ ያደነቁሩሃል፤ የሚያቀርብልህ ሰው ከሸሸ የምትሸጠው ፈገግታህን ነው። እኔ ከሚያልፍ መኪና ለሚያይ ሾፌር ታፔላ ሰቅዬ በእግሩ የሚመጣውን ሰው አባረርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በፊት ያለው የመጨረሻ ገበያ ደረሰ። ደጄ ባዶ ነው፤ ታፔላው የተሰቀለበት ቦታ ላይ ችንካር ብቻ ቀርቷል። ሴቶቹ መጡ። ወደ ማዶም አልሄዱ፣ ወደ እኔም አልመጡ፤ ጥግ ላይ ካለው ግንብ ጥላ ሥር ቅላቸውን አቅፈው ቁጭ አሉ። ሰውዬው ከወዲያ ሆኖ «ኑ እንጂ እናቶቼ፣ ፀሐይ አይምታችሁ!» ይላል። ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ሱቄን ገዙ የተባሉት ሰዎች ተጣልተው ታፔላቸውን አወረዱ የሚል ወሬም አስወርቷል። ከመካከላቸው አሮጊቷ ብድግ አሉ። ቀስ ብለው መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡና አንድ ቅል ከፈቱ። ሌላው ሁሉ እሳቸውን እያየ ነው። እሳቸው ከሸጡልኝ ሁሉም ይሸጡልኛል፤ እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ይሄዳሉ፣ ቁልፉንም ለዚያ ሰው አስረክባለሁ።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ» አልኩ። ቆነጠርኩ። ከላይ ያለው ለጋ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ልማዴ ነውና ጣቴን ወደ ሥሩ ሰደድኩት። ከሥሩ የወጣው ሌላ ነው፤ አሬራው ያልተጨመቀ፣ ውኃ የቋጠረ፣ ያደረ። መዳፌ ላይ ሳሸው እርጥብ ሆኖ ቀረ። ቀና ስል አሮጊቷ ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ብናገር ተነስተው ይሄዳሉ። ዝም ብዬ ብገዛ ደግሞ ይህን ነገር እናቴ በቆመችበት ቆሜ፣ ጾማቸውን ለሚፈቱ ሰዎች ልሸጥ ነው። «ጥሩ ነው እናቴ» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ፈገግታዬም ደርሷል። ከማዶ ያ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ እሱም ፈገግ ብሏል። የሁለታችን ፈገግታ አንድ ዓይነት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

«አንቱ!» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። «አንቱ! ይኼ ቅቤ ነው? ይኼ እኮ ሻሽ ያሰረ አሬራ ነው! በስተርጅና እኔን ሊያሞኙ ነው? ከላይ ለጋ፣ ከሥር ዝቃጭ! ለእናቴ እንዲህ ያለ አምጥተው ያውቃሉ? ሰው ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ጾሙን በዚህ ይፍታ? ይውሰዱልኝ! እዚያ ማዶ ላለው ማር አፍ ይስጡት፣ እሱ ሙዝ ጨምሮ፣ የካርቶን ቅቤውን ጨምሮ ዓይኔ ዓይኔ እያለ ይሸጥላችኋል! እናንተም እዚያ የተቀመጣችሁት! አፍ የሌላችሁ! ታፔላ ታነባላችሁ፣ ሰው ማንበብ አቅቷችኋል? የማን ደጅ መሰላችሁ ይኼ?» የአሠልጣኙን ጫማ አነሳሁ፣ ማስታወቂያ ሠሪውን አነሳሁ፣ የግመሎቹን ባለቤቶች ሰባት ቤት ቆጠርኩ። አማርኛው ሲያልቅብኝ የእናቴ ትግርኛ መጣ። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ። ስጨርስ እጄ ላይ ያለው ቅቤ ቀልጦ በክርኔ ይወርድ ነበር። ጉዴ ፈላ፣ አለቀልኝ ብዬ ቆምኩ።

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተዋል። ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ያስለቀስኳቸው መስሎኝ ነበር። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነው፤ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ወደ ግንቡ ጥላ ዞረው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ኑ! ኑ እንጂ! ሱቁ የራሷ ነው! ወሏሂ የራሷ ነው! ተቀጣሪ እንዲህ አይሳደብም!»

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ቅላቸውን አንስተው መምጣት ጀመሩ። ለካ በዚያ ሁሉ ቀን የሸሹት ቀዩን ምልክት ብቻ አልነበረም። ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት «ግቢ እህቴ» ስላት፣ በገዛ ቤቷ እንዲህ አትለማመጥም፣ ሰው ቤት ያደረች ናት ብላ ነው የሄደችው። ሮቢት ላይም «እንጃልሽ» የተባልኩት ስለ ታፔላው አልነበረም፤ ስለለሰለሰው አፌ ነበር። በምን ታውቁኛላችሁ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ሳልጠይቅ መለሱልኝ። ያ ባለሹል ጫማ በአንዱ እንኳ ልክ ነበረ ማለት ነው፤ ይህን ስል ጥርሴን ነክሼ ነው።

ዛሬ የከተማዋ ሴቶች ሱቄ መጥተው «ይኼ የተሰደበ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ካልተሰደበ አይገዙም። ያን ዕለት ግን ገና ንዴቴ አልበረደም ነበር። «ሊፈትኑኝ ነው ያን ቆሻሻ ተሸክመው የመጡት?» አልኳቸው አሮጊቷን።

«ታዲያ በምን ልወቅሽ?» አሉ። ከኩታቸው ሥር ሌላ ቅል አወጡ፤ አፉ በአዲስ ቅጠል የታሰረ። ፈትተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። «ይኼን ደግሞ አሽትቺና ስደቢኝ።»

ቆነጠርኩ፣ እስከ ሥሩ ገባሁ፣ መዳፌ ላይ አሸሁት። እንከን የለበትም። እናቴ በሕይወት እያለች የሱቁ ሽታ እንዲህ ነበር።

«አንቱ ሌባ!» አልኩ። «ይኼን ቅቤ እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነበር?» ድምፄ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰሙብኝ ከቅድሙ አብልጬ ጮህኩ።